ከዲስኬት ወደ ጥራዝ፦ የአንድ መምህር የዓመታት ማስታወሻ ሲሰበሰብ (የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ደብረ ማርቆስ)

ጥቅምት 5

ሥራው ይህ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የቴክኒክ ትምህርት ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ መምህር ከ1991 እስከ 2016 ዓ.ም. ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ኑሮ የጻፉት የግል ማስታወሻ በአንድ ቦታ ሊሰበሰብ ነው። ግማሹ ስለ ራዲዮ ጥገና፣ ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ሶላርና ባትሪ ነው። ግማሹ ስለ ተማሪዎች፣ ስለ አዝመራ፣ ስለ ሠርግና ሐዘን፣ ስለ ገበያ ዋጋ። ጽሑፉ የሚገኘው በዲስኬት፣ በሲዲ፣ ከድሮ ኮምፒውተር በወጣ ሃርድ ዲስክ፣ በፍላሽና በስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ ተበታትኖ ነው። የሚፈለገው ሁሉም በሚነበብ ፊደልና በትክክለኛ ቀን ተደርድሮ፣ የተመረጠው ደግሞ በወረቀት ታትሞና ተጠርዞ እንዲቀመጥ ነው።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ዲስኩ እንዳይበላሽ ነው። ከዲስኩ ይልቅ ቶሎ የሚጠፋው ግን የአነባበቡ እውቀት ነው፤ በየትኛው ፎንት ተጻፈ? ይህ ቀን የማን አቆጣጠር ነው? «ያ ማሽን» የተባለው የትኛው ነው? ይህን የሚመልሱት ጸሐፊው ናቸው። ስለዚህ መቅዳቱና መጠየቁ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ «መጀመሪያ ሁሉም ይቀዳ፣ ጥያቄው ይደርሳል» ማለት አያዋጣም።

ጥቅምት 11 — ዲስኬት

ባለ 3.5 ኢንች ዲስኬት ወደ ማንበቢያው ከመግባቱ በፊት የብረት መዝጊያው በጣት ተገፍቶ ቡናማው ፊልም በብርሃን ይታያል። የጎጃም ክረምት ረጅምና እርጥብ ስለሆነ በቆርቆሮ ሣጥን የተቀመጠ ዲስኬት ላይ ነጭ ሻጋታ ማየት የተለመደ ነው። ሻጋታ ያለበትን ማስገባት ዲስኬቱን ብቻ ሳይሆን የማንበቢያውን ራስ ያቆሽሻል፤ ቀጥሎ የሚገባው ንጹሕ ዲስኬትም ይፋቃል። በጥጥ ላይ ትንሽ አይሶፕሮፒል አልኮል ተደርጎ፣ ከጀርባ ያለውን የብረት እምብርት በጣት እያዞሩ ፊልሙን በቀስታ መጥረግ ነው፤ ሁለቱም ፊት ይጠረጋል፣ ከዚያ በደንብ ይደርቃል። ቲነር አይነካው፤ ፕላስቲኩንም ሽፋኑንም ያቀልጣል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የማገጃው ቀዳዳ ነው። ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ተንሸራታች ተገፍታ ቀዳዳው ክፍት ሲሆን ዲስኬቱ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ሁሉም ዲስኬት እንዲህ ሆኖ ብቻ ነው የሚገባው። ዊንዶውስ «ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም፤ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅ እሺ የሚል እጅ ብዙ ጽሑፍ አጥፍቷል፤ ቀዳዳው ክፍት ከሆነ ግን ቢሳሳቱም አይጎዳም።

ፋይሉን በመጎተት ኮፒ ማድረግ አይበቃም። የዲስኬቱ ሙሉ ምስል፣ ማለትም በላዩ ያለው ባይት ሁሉ ግልባጭ፣ ነው የሚወሰደው፦ 80 ትራክ፣ 2 ፊት፣ በትራክ 18 ሴክተር፣ በሴክተር 512 ባይት፤ ድምሩ 1,474,560 ባይት ነው። ምስሉ ከዚህ ካነሰ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። የምንጠቀመው በሊኑክስ ላይ ያለውን ዲዲሬስኪው (ddrescue) የተባለ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ የሚነበበውን ብቻ ይወስዳል፣ የታመመውን ቦታ ዘሎ ያልፋል፤ በሚቀጥሉት ዙሮች አቅጣጫውን እየቀያየረ፣ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያም እያነበበ፣ ወደ ዘለለው ይመለሳል። የት እንደደረሰ በሌላ ትንሽ ፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። እዚህ መብራት ሳያስታውቅ ስለሚሄድ ሥራው በባትሪ በሚቆይ ላፕቶፕ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ማንበቢያ አልነበብ ያለውን ዲስኬት ሌላው ሊያነበው ይችላል። የራሶቹ አቀማመጥ ከማሽን ማሽን በጥቂቱ ይለያያልና፣ ዲስኬቱ ከተጻፈበት ማሽን ጋር የሚቀራረበው የተሻለ ያነባል። ስለዚህ «ሞቷል» ከመባሉ በፊት ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ማንበቢያዎች ይሞከራሉ።

ጥቅምት 19 — ሃርድ ዲስክና ፍላሽ

የድሮው ሃርድ ዲስክ ባለ 40 ፒን ነው። ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር መገናኛ ያስፈልገዋል፤ በተጨማሪም 12ና 5 ቮልት የሚሰጥ የራሱ ኃይል ይፈልጋል፣ ከዩኤስቢው ብቻ አይነሣም። የላፕቶፕ ዲስክ ከሆነ ባለ 44 ፒን ነው፤ ኃይሉም በዚያው ፒን ይገባል። ጃምፐሩ (የዲስኩን ሚና የምትወስነው ትንሽ መሰኪያ) «ማስተር» ላይ መሆኑን ማየት ነው። ሲነሣ ደጋግሞ «ጣ፣ ጣ» የሚል ድምፅ ካለው ወዲያው ይነቀል፤ ራሱ የተጎዳ ዲስክ በየሰኮንዱ ራሱን ይፍቃል። እንዲህ ያለውን ቤት ውስጥ መክፈት የለም።

ፍላሾቹ ላይ ያጋጠመው በየቢሮው የሚታወቀው የሾርትከት ቫይረስ ነው፦ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይታያል፣ ሲነካ ቫይረሱን ያስነሣል፣ ፋይሉ «የለም»። ፋይሉ ግን አለ። ቫይረሱ «የተደበቀ» እና «የሲስተም» የሚሉ ምልክቶችን ለጥፎበት ነው። በሊኑክስ ሲከፈት ሁሉም ይታያል፤ በዊንዶውስ ደግሞ በአትሪብ ትእዛዝ ሁለቱ ምልክቶች ከነንዑስ ፎልደሮቹ ይነሣሉ። «ባዶ ነው» ተብሎ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ስንቱ ሙሉ ነበር!

ከእያንዳንዱ ዕቃ የወጣው ምስል ወዲያው የሻ-256 (SHA-256) አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላ ቁጥር፣ ይወሰድለታል፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ባይት እንኳ ተለውጦ ከሆነ ያስታውቃል። ዋናው ምስል ከዚህ በኋላ አይከፈትም። ሥራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ነው።

ኅዳር 2 — ፊደሉ

የሥራው ልብ እዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የገባው እ.ኤ.አ. መስከረም 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ዊንዶውስ የራሱን የግዕዝ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ደግሞ በቪስታ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. 2007 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ የሚጻፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ፕሮግራሞች ነበር። እነዚህ በመጀመሪያ ዘመናቸው በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ የአማርኛ ቅርጽ የሚስሉ ናቸው። አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ከ32 እስከ 255 ያለውን ነው፤ 224 ቦታ። የእኛ ፊደል ዲቃላዎቹን፣ ነጥቦቹንና ቁጥሮቹን ሲጨምር ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፈለው፤ አንዳንዱ መነሻውን ቅርጽና ቅጥያውን ለየብቻ አድርጎ በላዩ ላይ ደረበው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ክምር የሆነው ለዚህ ነው።

ማንኛውንም የድሮ ፋይል ሲከፍቱ ከመንካት በፊት በሽታውን መለየት ያሻል።

ባዶ ሣጥን ብቻ የሚታይ ከሆነ ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ሲጫን ይነበባል።

ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት የላቲን ምልክት የሚታይ፣ የመጀመሪያዋም ሁልጊዜ ጭረት ያለባት ትንሿ «ኤ» (á) ከሆነች፣ ይህ ዩኒኮድ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን በላቲን ኮድ አንብቦታል። ዩኒኮድ በፋይል ውስጥ በሚጻፍበት መንገድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ የመጀመሪያው ባይትም ለሁሉም አንድ ነው። እንደገና በዩቲኤፍ-8 መክፈት ብቻ ይበቃል። በዚያው በተሳሳተ መልክ ሴቭ ተደርጎ ከሆነ ግን ጉዳት ሊኖር ይችላል። የዊንዶውስ ላቲን ኮድ 129፣ 141፣ 143፣ 144ና 157ን ባዶ ይተዋቸዋል፤ አንዳንድ ፕሮግራም እነዚህን ይጥላቸዋል። ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው «ም» እና «ነ» ላይ ነው፣ መጨረሻ ባይታቸው 157ና 144 ናቸውና። የፀ፣ የፈና የፐ ቤተሰቦች ከነአራት ነጥቡ ደግሞ መካከለኛ ባይታቸው 141 ስለሆነ አብረው ይሄዳሉ። ጽሑፉ ሲመለስ «ም» ሁሉ ጠፍቶ ሌላው ደኅና ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በዐውዱ እየተነበበ በእጅ ይሞላል።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ አዝናለሁ ማለት ነው፤ ፊደሉ ተተክቷል፣ አይመለስም። ሌላ ቅጂ መፈለግ ብቻ ነው።

አራተኛው፣ የላቲን ፊደል፣ ነጥብና ምልክት ተደባልቆ ለአንድ ፊደል አንድ ወይም ሁለት ምልክት የሚታይ ከሆነ የድሮው ፎንት ነው። የዚህ ክምችት ትልቁ ክፍል ይኸው ነው።

ኅዳር 14 — የመቀየሪያ ሰንጠረዥ

በድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ላይ ሁሉንም መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር በአንደኛው ፎንት «ሰ»፣ በሁለተኛው ፎንት ሌላ ፊደል፣ በላቲን ፎንት ደግሞ እውነተኛ የእንግሊዝኛ ፊደል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የያዘው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። ስሙ ሲጠፋ ሦስቱ አንድ ይሆናሉ። በጽሑፍ ብቻ፣ ያለ ፎንት ስም የተቀመጠ ፋይል ካለ ጸሐፊውን «ያኔ በየትኛው ነበር የሚጽፉት?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መንገድ ነው።

የምንከተለው መንገድ የሚከተለው ነው። ሰነዱ በሊብሬ ኦፊስ ይከፈትና ጠፍጣፋ ኦዲቲ በሚባለው መልክ ይቀመጣል፤ ይህ መልክ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የእያንዳንዱ ቁራጭ ፎንት ስም በግልጽ ይታያል። ከዚያ በድሮው ፎንት 14 ረድፍ በ16 ዓምድ ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ከ32 እስከ 255 ያለው ሁሉ ከነቁጥሩ ይታተማል። ለእያንዳንዱ ፎንት አንድ ገጽ። ከእያንዳንዱ ቅርጽ ሥር ትክክለኛው ፊደል በእጅ ይጻፋል። ይህን ሥራ ሁለት ሰው ለየብቻው ቢያደርገውና ቢያስተያይ ጥሩ ነው፤ ሳድሱና ራብዑ በትንሽ ፊደል ሲታዩ ይምታታሉ።

የዩኒኮዱ ወገን ቀላል ነው፣ ሥርዓት አለውና። ሀ 4608 ናት፤ በየቤተሰቡ 8 ቦታ አለ፤ ስለዚህ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 እያለ ይሄዳል። «ሙ» ማለት 4632 ሲደመር 1፣ «ም» ሲደመር 5 ነው። ስምንተኛው ቦታ በአብዛኛው ለዲቃላው ነው፦ «ሟ» ሲደመር 7። የቀ፣ የኀ፣ የከና የገ ዲቃሎች ግን በተከታዩ ስምንት ቦታ ናቸው፦ «ቋ» ሲደመር 11።

ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። መነሻና ቅጥያ በሚደርቡ ፎንቶች ባለ ሁለት ምልክቱ መቀየር ያለበት ከባለ አንዱ በፊት ነው። «ቋንቋ» በሚለው ቃል ላይ ልናየው እንችላለን። «ቋ» በድሮው ፎንት የ«ቀ» ቅርጽና ከሥሩ የሚገባ ቅጥያ ከሆነች፣ ነጠላዋ «ቀ» ቀድማ ከተቀየረች የሚወጣው «ቀንቀ» ከሁለት ትርፍ ምልክት ጋር ነው። ጥንዱ ከቀደመ ግን በትክክል ይወጣል። ስለዚህ ሰንጠረዡ በርዝመት ይደረደራል፤ ረጅሙ ከላይ፣ ነጠላው ከታች።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንዱ የድሮ ፎንት ራሱን «የምልክት ፎንት» ብሎ ስላስመዘገበ ወርድ ፊደሎቹን ወደ 61472 እና ከዚያ በላይ ያሸጋግራቸዋል። ቁጥሮቹ በዚህ አካባቢ ከታዩ 61440 መቀነስ ነው፤ የሚቀረው የሰንጠረዡ ቁጥር ነው።

መፈተሻ ጽሑፍ ሳይዙ ወደ ሙሉው ክምችት መግባት አይገባም። መፈተሻው እነዚህን ይያዝ፦ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኋ፣ ሏ፣ ሟ፣ ቿ፤ ጰና ጸ፤ ዠና ኸ፤ ፲፱፻፺፪ን የመሰለ የግዕዝ ቁጥር፤ «»፤ በመካከሉም የላቲን ቃል።

ኅዳር 27 — ነጥቦችና ሞክሼ ፊደላት

በድሮው አጻጻፍ አራት ነጥብ ብዙ ጊዜ ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት ነበር የሚሠራው። ሲቀየር ፡፡ ሆኖ ይወጣል፤ ዓይን አይለየውም፣ ኮምፒውተር ግን ሁለት ጊዜ 4961 ብሎ ያነበዋል። ወደ አንዱ 4962 ይቀየራል። «፡-» የተባለውም ወደ ፦ ይገባል። በቁጥሮች መካከል ያለ ሁለት ነጥብ፣ ለምሳሌ 3፡30፣ አይነካም፤ ሰዓት ነው።

ሞክሼዎቹን በተመለከተ ክርክሩ ረጅም ነው፣ ውሳኔያችን አጭር ነው። «ሠራ» ብለው ከጻፉ ሠራ፣ «ሰራ» ካሉም ሰራ ይቆያል። «ፀሐይ»ንና «ጸሀይ»ን አንድ እናድርግ የሚል ሰው ጽሑፉን እያሳመረ ሳይሆን የጸሐፊውን እጅ እየደመሰሰ ነው። ለፍለጋ ግን ችግር አለው፤ «አመት» ብሎ የፈለገ «ዓመት»ን አያገኝም። መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ግልባጭ ነው፦ በእርሱ ውስጥ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይወርዳሉ፤ ሃም ወደ ሀ፣ ኣም ወደ አ። ይህ ግልባጭ አይታተምም፣ ለማንም አይሰጥም።

ታኅሣሥ 10 — ቀን

ፋይሎቹ የያዙት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ያለው በእኛ። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይመጣል፤ ለዚያ ነው በዚያ ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለው። ስሌቱን በአንድ በሚታወቅ ቀን መፈተን ይገባል፦ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2007 ነበር፤ ዕለቱም ረቡዕ።

የፋይል ስም ዓመት-ወር-ቀን ሆኖ፣ ወሩና ቀኑ በሁለት ሁለት አኃዝ፣ ይሰጣል፦ 2000-01-01። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች 1999-13-05 ትባላለች፤ በትክክል ትደረደራለች። ወደ ነሐሴ 35 የሚቀይር ፕሮግራም ካጋጠመ እርሱን መጠቀም ማቆም ነው።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የተጻፈውም ይፈትናል። ኮምፒውተሩ ያኔ ቀኑን ይለውጣል፤ ጸሐፊው ግን «ዛሬ ማታ» ብለው ነው የሚጽፉት። የጸሐፊው ቀን ይቀድማል፣ የማሽኑ በጎን ይመዘገባል።

እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1980 የሚል ቀን የያዘ ፋይል ካለ ማሽኑ ሰዓቱን አጥቶ ነበር ማለት ነው፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አልቃለች። በዚያ ዘመን የተጻፉት ሁሉ ቀናቸው ከጽሑፉ ውስጥ ይፈለጋል። በዚህ ጊዜ የኑሮ ማስታወሻው ለቴክኖሎጂው ማስታወሻ ምስክር ይሆናል። ባለ 200 ብር ኖት ከተነሣ ከመስከረም 2013 ወዲህ ነው። ቴሌብር ካለ ከግንቦት 2013 ወዲህ። ኢትዮ ቴሌኮም የሚል ስም ከ2003 በፊት ሊኖር አይችልም። በባሕር ዳር በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻገርን የሚል ከግንቦት 2016 በፊት አይደለም። ጾምና በዓልም ይረዳሉ፤ ፋሲካ በየዓመቱ ስለሚዘዋወር «የሁዳዴ መያዣ ሰኞ የካቲት እንዲህ» የሚል አንድ መስመር ዓመቱን ከሁለት ሦስት አማራጭ በላይ አያስተርፍም።

በግምት የተሰጠ ቀን «ግ» የሚል ምልክት ይኖረዋል። ግምትን እንደ እውነት መመዝገብ ከባዶነት ይከፋል።

ጥር 8 — ዳግም ንባብ

አሁን ጸሐፊው ከጎን ተቀምጠው ያነባሉ። ፈተናው ማረም መፈለግ ነው። በ1996 ዓ.ም. ስለ ሞደም ፍጥነት የተጻፈ ምክር ዛሬ አይሠራም፤ ስለ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጻፈውም እንዲሁ፣ የኩባንያው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 አብቅቷል። ያንን መቁረጥ ወይም «ማዘመን» አይገባም። በጎጃም የትርጓሜ ቤቶች የግዕዙ ንባብ ሳይነካ አንድምታው (ትርጓሜው) እንደሚከተል ሁሉ፣ እዚህም የድሮው ጽሑፍ እንዳለ ይቆይና አዲሱ አስተያየት ከሥሩ፣ ለየት ባለ ፊደል፣ የዛሬን ቀን ይዞ ይገባል።

ዳግም ሲነበብ ግልጽ የሆነው ነገር ይህ ነው። ያረጀው አጠቃላይ ምክሩ ነው፤ «ኮምፒውተር ሕይወትን ይለውጣል» የሚለው ዓይነት ገጽ ሁሉ ማንም ሊጽፈው የሚችል ሆኖ ቀርቷል። ዛሬም የሚያስፈልገው ልኩ የተነገረው ነው፦ ባትሪው ስንት ቮልት ሲደርስ መብራቱ ደከመ፣ ሽቦው ስንት ሚሊ ሜትር ነበር፣ ፀሐይ መቀበያው ወደ የት ዞሮ ነበር፣ ኩንታል ጤፍ ደብረ ማርቆስ ገበያ በዚያ ሳምንት በስንት ዋለ። ስለዚህ ለሕትመት ሲመረጥ መለኪያችን ልክና ስም ነው እንጂ የአጻጻፍ ውበት አይደለም። ጸሐፊው ይህን በደስታ አልተቀበሉትም፤ ከቆንጆዎቹ ገጾች የሚወዷቸው አሉ። ለእነዚህም በመጨረሻው ጥራዝ ቦታ ተሰጥቷል።

የኑሮው ክፍል ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የጎረቤት ሕመም፣ የተማሪ ችግር፣ የሰው ዕዳ፣ የስልክ ቁጥር አለበት። እያንዳንዱ ገጽ ከሦስት አንዱን ምልክት ያገኛል፦ ለሁሉም፣ ለቤተሰብ፣ ዝግ። ዋናው ቅጂ አይቆረጥም፤ የሚቆረጠው ለሁሉም ከሚሰጠው ግልባጭ ነው። ዝጉ ክፍል መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት ጸሐፊው ናቸው፤ ውሳኔያቸው በጽሑፍ ከማኅደሩ ጋር ይቀመጣል።

ጥር 25 — ሕትመት

ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ ኤ5 ገጽ ይሆናል። ግን በገበያ ያለው ኤ4 አብዛኛው የክር (የወረቀቱ ቃጫ) አቅጣጫው በቁመቱ ነው፤ ሲታጠፍ ክሩ ማጠፊያውን ይቆርጠዋል፣ ገጹ ይገትራል፣ መጽሐፉ ተከፍቶ አይተኛም። መፍትሔው ክሩ በቁመቱ የሆነ 80 ግራም ኤ3 ገዝቶ መሐል ለመሐል ማስቆረጥ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ኤ4 ክሩ ከማጠፊያው ጋር ይሄዳል። አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳይሰብሩ በሁለቱም በኩል ጎንበስ አድርጎ መጫን ነው፤ በቀላሉ ሲጎነበስ የሚታጠፍበት መስመር የክሩ አቅጣጫ ነው።

ፕሪንተሩ ሌዘር ይሁን። የኢንክጄት ቀለም አብዛኛው ውኃ ሲነካው ይፈሳል፤ ቶነር ግን ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የተጣበቀ ፕላስቲክ ነው። ፊደሉ 11 ነጥብ፣ የመስመር ርቀቱ 1.35፤ የእኛ ፊደል ላይና ታች ስለሚሞላ በላቲን ልክ ከተጠጋ ዓይን ያደክማል። ፒዲኤፉ ፎንቱን በውስጡ የያዘ መሆኑ ይረጋገጥ።

4 ሉህ አንድ ላይ ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣል፤ ይህ አንድ ጥራዝ ነው። 12 ጥራዝ 192 ገጽ ነው፤ ለአንድ መጽሐፍ ይበቃል። ከዚህ ቢወፍር ጀርባው ይከብዳል።

የካቲት 6 — ስፌት

ሙጫ አልተጠቀምንም። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎች የጎጃም ገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍት የተሰፉት በሰንሰለት ስፌት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ አንድ ጥራዝ ቢጎዳ ሊወጣና ሊመለስ ይችላል። በሙጫ የተያዘው በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ሽፋን የሚሆነው ገበታ ዋንዛ ነው፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ከወረቀቱ በሦስት በኩል በ2 ሚሊ ሜትር የሚተርፍ። እንጨቱ በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል። በ21 ሳንቲ ሜትሩ ጀርባ ላይ ከላይ 3ና 6፣ ከዚያም 15ና 18 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ሁለት ጥንድ ማለት ነው። ሁሉም ጥራዝ በአንድ መለኪያ በወስፌ ይበሳል፤ ቀዳዳው ከመርፌው ትንሽ ቀጠን ይበል። ክሩ የጥጥ ወይም የተልባ እግር ሦስት ድርብ ነው፤ በንጹሕ ሰም ላይ ሁለት ሦስቴ ይሳባል። ሰም ያልነካው ክር ወረቀቱን እንደ መጋዝ ይበላል።

ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ክር፣ በሁለቱም ጫፍ መርፌ። ክሩ በገበታው ሁለት ቀዳዳ አልፎ ሁለቱ ጫፎች ይወጣሉ። ሁለቱ መርፌዎች ወደ መጀመሪያው ጥራዝ ይገባሉ፣ ውስጥ ተላልፈው አንዱ በሌላው ቀዳዳ ይወጣሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱ መርፌ ከሥሩ ባለው ስፌት ውስጥ ሾልኮ ይዞረውና ወደሚቀጥለው ጥራዝ ይገባል። ሰንሰለቱ የሚሠራው በዚያ መሾለክ ነው። ክር ሲጠበቅ ሁልጊዜ በጀርባው ርዝመት አቅጣጫ ይሳብ፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ሰፊው ከተሳበ ማጠፊያው ይቀደዳል። በየጥራዙ እኩል መጥበቅ አለበት፤ አንዱ ከላላ የላዩ ሁሉ ይወላገዳል።

የካቲት 14 — አቀማመጥ

በፊደል ብዛት ሲታሰብ ጽሑፉ ትንሽ ነው። አንድ ኤ5 ገጽ 1,500 ፊደል ቢይዝ በዩቲኤፍ-8 ከ4.5 ኪሎ ባይት አይበልጥም፤ 1,000 ገጽ 4.5 ሜጋ ባይት ነው። ቦታ የሚይዘው የዲስኮቹ ምስልና ፎቶ ነው። ስለዚህ የጽሑፉን ቅጂ ላለማብዛት ምክንያት የለም።

የሚቀመጠው አራት ነገር ነው፦ ያልተነካው የዲስክ ምስል፣ በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ ተራ ጽሑፍ፣ ፒዲኤፉ፣ እንዲሁም የመቀየሪያ ሰንጠረዦቹ ከነድሮ ፎንቶቹ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይጥሉታል፤ ነገ ሌላ ስህተት ቢገኝ እንደገና ለመቀየር የሚያስችለው ግን እርሱ ነው።

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። አንዱ ደብረ ማርቆስ ይቀራል፣ አንዱ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ፣ አንዱ አዲስ አበባ። በኢንተርኔት ላይ ብቻ ማስቀመጥ እዚህ አይታመንም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል፣ በዚያን ጊዜ በሌላ አገር ሰርቨር ላይ ያለ ጽሑፍ ለባለቤቱ እንደሌለ ነበር። ፍላሽ ያለ ኃይል ለዓመታት ከተቀመጠ መረጃው ሊሟሽሽ ስለሚችል በዓመት አንዴ፣ ክረምት ሲወጣ፣ ይሰካና አሻራው ይፈተሻል።

የቀረው የስልኩ ክፍል ነው። የሚሞሪ ካርዱ ምስል ተወስዷል፤ ጽሑፎቹ ዩኒኮድ ስለሆኑ መቀየር አይፈልጉም። ግን በድምፅ የተቀዱ ማስታወሻዎች አብረው ወጥተዋል፣ ብዙዎቹ ርዕስ የላቸውም። መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት መጥተው እያዳመጡ ቀንና ስም ይሰጧቸዋል፤ ከዚያ የሁለተኛው መጽሐፍ ገጽ ድልድል ይጀመራል።